የአኻያው በር መቀርቀሪያ

መምህር ፋንግ ዩቲንግ እዚህ ቴአትር ቤት በመጡበት ቀን እኔ አልተወለድኩም። ቢሆንም ቆሜ እንዳየሁ አድርጌ እነግራችኋለሁ። ውሸታም የሚለኝ ካለ እጁን ያውጣ፤ ከራሳቸው በቀር በዚያን ቀን የነበረ ሰው እዚህ ግብዣ ላይ ስለሌለ የሚመሰክርብኝ አይኖርም።

የመጡት በጎመን ጀልባ ነው። እናታቸው ከጎመኑ መሃል መዝዘው አውጥተው ደጃፋችን ላይ አቆሟቸው። የዚያን ጊዜው አለቃ ያንን የመሰለ ፊት ቀና ብሎ አየና፣ "እሜቴ፣ እኛ ሴት ልጅ አንቀጥርም" አለ።

"ኧረ ወንድ ነው!"

"እኔም እኮ ዓይን አለኝ።"

"ወንድ ነው እያልኩህ!"

ሁለቱ እንዲህ ሲጨቃጨቁ ልጁ ታከተውና አፉን ከፍቶ፣ ልክ እንደ ቦይ ጀልባ ቀዛፊ፣ ከእግር እስከ ራስ ተሳደበ። አለቃው አላስጨረሰውም። "ግባ! ወንድ ነህ" አለው። ሰውየው ወንድ መሆናቸው የታመነላቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካቸውን እኛ መድረክ ላይ ሙሽራ፣ መበለትና ንግሥት ሲሆኑ ኖሩ።

እንግዲህ መምህር፣ እዚህ ላይ ጠረጴዛውን መታ አድርገው፣ "አንተ ባቄላ! ጎመን ማን አለህ? ዱባ ነበር!" ማለት ነበረብዎት። እኔ ደግሞ፣ "ዱባውስ እርስዎ ነበሩ" እላለሁ። ከዚያ ማንኪያ ይወረውሩብኛል። ይኸው ማንኪያው አጠገብዎ ነው።

ሐኪሞቹ በጸደይ ጉሮሮዎን ከከፈቱት ወዲህ ግን መልስ የለም። እኔ የዚህ ቤት ቀልደኛ ነኝ፤ አንድ ቀን እኔ ተናግሬ እርስዎ መልስ የሚያጡበትን ሰዓት ስመኝ ነው ያደግሁት። ይኸው መጣልኝ። አይጥምም።

ግን ጀምሬያለሁና ልቀጥል፤ የቴአትር ቤቱ ዳይሬክተር ፓንግም "አሳጥር" በሚል ዓይን እያዩኝ ስለሆነ ላስረዝመው።

እኚህን ሰው በበጋ ሙቀት ያለ አንገት ልብስ ያያቸው አለ? የለም። ነጭ ሽንኩርት በልቶ በልምምድ ክፍል በር ያለፈስ? እሱም የለም። በሩ ላይ ይቆሙና፣ "ተንፍስ" ይላሉ።

"ሃ።"

"አንተ ባቄላ፣ ይሄ የዛሬ ነው?"

"የትናንት ነው መምህር።"

"እንግዲያው ትናንት ተመልሰህ ተለማመድ። ዛሬ እዚህ አትገባም።"

ደግሞ የኛን ሕግ ታውቃላችሁ፤ ቀልደኛው አፍንጫው ላይ ነጩን ቀለም ሳይቀባ ማንም ብሩሽ አይነካም። ንጉሥ የሚሆነውም፣ ጦር አለቃ የሚሆነውም ቁጭ ብሎ እኔን ይጠብቃል። አንድ ምሽት ሥጋ የገባበት ዳቦ ለመግዛት ወጥቼ ሰልፉ ያዘኝ። ስመለስ ተመልካቹ ወንበር ይደበድባል፤ እኚህ ሰው መስታወቱ ፊት ፊታቸውን እንደታጠቡ ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ "ዝም ብለው ይጀምሩ እንጂ!" ይላቸዋል። እሳቸው ምን አሉ? "ከኔ በፊት የነበሩት ጠብቀዋል። እጠብቃለሁ።" እኔን ደግሞ፣ "ና አንተ ጌታዬ፣ አፍንጫህን አበድረን" አሉኝ። ዳቦዬንም ቀምተው በሉብኝ።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ተራ የማያፈርሱ። ተራ ባያፈርሱ ነው ዛሬ እንዲህ የሆንነው።

አስተማሪዋ እነሆ፣ ሲግሪድ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጠችው። መጀመሪያ መምህር ቤት የሄደችበትን ቀን እሷ ፊት እንዳላወራ ለምናኛለች፤ እኔ ግን የለመኑኝን ሰምቼ አላውቅም። ከኖርዌይ መጥታ መምህራን ኮሌጁ ውስጥ ሙዚቃ ታስተምራለች። ውርጩ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ "የመምህር ፋንግን ቤትና የአትክልት ቦታ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። ዳይሬክተር ፓንግ ሲሰሙ ሊታመሙ ደረሱ። የአትክልት ቦታው በዚያ ወቅት ምን አለው? ድንጋይ፣ የውሃ ጋን፣ አንድ እርቃኑን የቆመ የፕሪም ዛፍ። ዳይሬክተሩ ከመድረክ ዕቃ ክፍል የወረቀት አበባ ዘርፈው መጡና በየቅርንጫፉ አሰሩት። እስቲ ይካዱ! ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሲግሪድ ገባች። ቁመቷን ታውቁታላችሁ፤ የግቢው በር ግንባሯን ሳማት። ግንባሯን እያሸች በቀጥታ ወደ ዛፉ ሄደች፣ ጎንበስ አለችና አበባውን አሸተተችው። የሙጫ ሽታ ሲያገኛት ዞር ብላ መምህርን አየቻቸው።

"ይሄ ዛፍ ይዋሻል" አለች።

መምህር ቀይ ሆነው ወደ ዳይሬክተሩ ተመለከቱ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ "አይፍረዱበት። ዕድሜ ልኩን ከኔ ጋር ነው የኖረው፤ ያልሆነውን መምሰል ከኔ ተማረ" አሏት።

ተሳሳቁ። ያን ጊዜ ነው የተዋደዱት።

ሻይ ጠጡና "ዝፈኑልኝ" አለቻቸው። መምህር እንደ ልማዳቸው ጋኑ ላይ አጎነበሱ፤ የኛ ሰው ድምፁን የሚፈትነው ውሃ ላይ ነው፣ ውሃው ስህተትህን መልሶ ይነግርሃል። "የአኻያው በር" ከሚባለው የጥንት ጨዋታ ዘፈኑን ጀመሩ። ታሪኩ የአንዲት ሴት ነው፤ ባሏን የወሰዱባት፣ ሌሊቱን በአትክልቱ ውስጥ ሄዳ ሄዳ እበሩ የምትደርሰው። እጇ መቀርቀሪያው ላይ አረፈ። እዚያ ላይ መምህር ቀና አሉ፣ አፋቸውን ጠረጉ።

"ቀጥሎስ?" አለች ሲግሪድ፤ ጉንጯ ርሷል።

"ቀጥሎ ያለው በአንድ ትንፋሽ የሚዘፈን ነው። ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ብቻ ነው የሚሄደው።"

"ተማሪ አለዎት?"

እዚያች ላይ እኛ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። አንዲት ነበረች፤ ጭፈራ ቤት ገብታ በማይክሮፎን ትዘፍናለች። ጨዋታው መድረክ ላይ መውጣቱ ከቀረ ዘመን ሆኖታል፤ ያጀቡት ዋሽንት ነፊና ከበሮ መቺ ሞተዋል። የራዲዮ ሰዎች መቅጃ ይዘው መጥተው ነበር፤ መምህር "ተማሪ ይንበረከካል፤ ማሽን አይንበረከክም" ብለው መለሷቸው። እኔ በሳቅ ሞትኩ ያኔ። ጥሩ ቀልድ መስሎኝ።

ማሽን አይንበረከክም፤ ሲግሪድ ግን ተንበረከከች። እዚያው ጭቃው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ቁመቷ።

"ይውሰዱኝ" አለች።

መምህር ደንግጠው ብብቷን ይዘው አነሷት። "በጭቃ? ያለ ሻይ ጽዋ? ያለ ምስክር? ሌቦች ነን እንዴ! መልካም ቀን እንመርጣለን፤ ዛፉ እውነተኛ አበባውን ያውጣ፣ ያኔ በወጉ ተንበርክከሽ ሻይ ትሰጪኛለሽ፣ እኔም መጨረሻውን እሰጥሻለሁ።"

ሁላችንም "ልክ ነው" አልን። ማን ልክ አይደለም ይላል? ወጉ ነው።

ከዚያ ጀምሮ በየጊዜው እየመጣች እስከ መቀርቀሪያው ድረስ ያለውን ተማረች። አፏ እንደ እንጨት ነበር፤ መምህር ዱላ ይዘው "እንደዚህ የምታለቅስ ሴት ባሏ ቢመለስም ይሸሻታል!" ይሏት ነበር። ለሰለሰች። በዚያው መጠን የሳቸው ድምፅ ሻከረ። "ብርድ ነው" አሉ። ፒር የሚባለውን ፍሬ በስኳር ቀቅለው ጠጡ። እኔ እንኳ፣ ሕግ የማያውቀው እኔ፣ "መምህር፣ ዛሬ ይስጧት" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ! ዛፉ እንኳ ተራውን ይጠብቃል።"

ዛፉ አበበ። መልካሙም ቀን መጣ። መምህር የመጡት ግን ከሆስፒታል፣ አንገታቸው በፋሻ ተጠምጥሞ ነው። ሲግሪድ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ጽዋውን በሁለት እጇ አቀረበች። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጠጡ፤ ግማሹ በአገጫቸው ወረደ። ተነሥተው ጋኑ ላይ አጎነበሱ። ደረታቸው ሞላ፣ አፋቸው ተከፈተ። ውሃው አልተነቃነቀም። የፕሪም አበባ ላዩ ላይ ወድቆ ነበር፤ እሱም አልተነቃነቀም።

ዳይሬክተር ፓንግ ጨንቋቸው አጨበጨቡ። አልፈርድባቸውም፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

"ይጻፉት" ብለናቸው ጻፉልን። ቃሉ አራት መስመር ነው፣ ማንም ያነበዋል። አንዱ ትንፋሽ አራቱን መስመር እንዴት አድርጎ እንደሚሻገር ግን በእጃቸው አየሩ ላይ ሊያሳዩን ሞከሩ፣ ሞከሩ፣ በመጨረሻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

መምህር፣ ከዚህ በኋላ አልቀልድም። ከትምህርት ቤት ሲያባርሩኝ ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "መቀርቀሪያ" ነው፣ ከዚያው ዘፈን። ሲያስቁኝ ኖረው ሲርበኝ የፒርዎን ግማሽ ይቆርጡልኝ ነበር። የራሴ አባት ያላደረገውን። ስለዚህ አመሰግናለሁ፤ ቃሉ ትንሽ ነው፣ ሌላ የለኝም። "አይዞዎት፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ያገኘዋል" ልልዎት አስቤ ነበር። ማንም አያገኘውም። እርስዎም ያውቁታል፤ እርስዎን ዋሽቼ አታልዬ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ይይዙኝ ነበር።

አሁን ይኸው ነጩ ቀለም። አፍንጫዬን ቀባሁ፤ ተራው ተጠብቋል፣ ማንም "ያለ ወግ ተጀመረ" አይልም። አስተማሪ፣ ተነሺና እየዘፈንሽ እስከ በሩ አድርሽን። እጅሽ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ ዝም በይ። ከዚያ መምህር፣ በእነዚያ የመድረክ ልብስዎ ረዣዥም ነጭ እጅጌዎች በምልክት በሩን ይክፈቱት። አንዱን ትንፋሽ ይልቀቁት። እኛ አንሰማም። ግን እስኪያልቅ ድረስ እንጠብቃለን፤ መጠበቅ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

የሞቀውን የሩዝ ጠጅ አንሡ! ጉሮሮዎን አይመምዎት፤ ጋንዎ በክረምት ውርጭ አይሰንጠቅ፤ ዛፍዎ ያለ ክር ያብብ። ማንም ጽዋውን እንዳያጋጭ፤ መምህር ሊጀምሩ ነው።