ደረቴ ለባዳ ሲከፍት

አውድማ ላይ የጤፍ እብቅ ደረቴን ቢዘጋው ደብረ ታቦር ሄጄ ታከምሁ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝ።

«ይህ ንፋስ ምን ያደርግልኛል?» አልኋት።

«አባቴ፣ የሳንባዎ ቧንቧ በር አለው። ሰውነትዎ ራሱ የሚልከው መልእክተኛ ሲጣራ በሩ ይከፈትና የጠበበው ይላላል። መድኃኒቱም የእሱን ድምፅ አስመስሎ ‹ቤቶች!› ይላል።»

«ባዳ መሆኑን አያውቅበትም?»

«በር ድምፅ ይሰማል እንጂ መልክ መች ያያል!» ብላ ሳቀች።

ሚስቴ ካረፈች፣ ልጄም ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ቤቴ ስገባ ተጣርቼ አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ደጄ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልሁ። «ደጆች!» የሚለኝ አጣሁ። ደግሜ ብጮህ ትንፋሽ አጠረኝና መድኃኒቱን ሳብሁት።

ጥቂት ቆይቶ ደረቴ ለባዳው ከፈተለት።