መርፌው አልጾመም

መጀመሪያ የሰማሁት የቆርቆሮ ድምፅ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ፤ ጣሳን በጥፍር እንደሚመቱት ያለ። ላንቴ በምትባለው መንደራችን፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለው የሙዝ መሰብሰቢያችን ጀርባ በደረቅ ቅጠል ላይ ጋደም ብዬ ነበርና፣ እንደ ልማዴ ሐሳቤ ርቆ ሄዶ፣ በዓባያ ሐይቅ ላይ በረዶ ሲዘንብ የምሰማ መሰለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድምፁ ግን አልቆመም። ተነሥቼ ስዞር ጋሽ ኦይታ ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ የውኃ ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ጣሳው የሚጋጨው ከጥርሳቸው ጋር ነበር።

ጋሽ ኦይታ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሙዝ አምራች፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ። የስኳር ሕመም ካገኛቸው ቆይቷል፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሸሚዛቸው ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስል ከገላቸው ተጣብቋል። ግንባራቸውን ስነካው ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት ይቀዘቅዛል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ የሚያየኝ ግን አይመስልም። «ማነህ አንተ? ፍየሎቹን አስገባ» አሉኝ።

ፍየል ኖሯቸው አያውቅም። ክው አልኩ።

«ጋሽ አሮን! ድረሱ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ አሮን የልብ ወዳጃቸው ናቸው፤ አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ይጸልያሉ። የሚጭኑትን ሙዝ ጥለው ሮጠው መጡና የወዳጃቸውን ራስ በሁለት መዳፋቸው ይዘው «ጌታ ሆይ! ጌታ ሆይ!» ይሉ ጀመር።

ከሲቀላ መናኸሪያ ወደ ምዕራብ ዓባያ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶበት እዚያው ዳር ቆሞ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት፣ ጩኸቴን ሰምታ መጣች።

«ስኳር አለባቸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«መርፌ ይወጋሉ?»

«ይወጋሉ።»

«ዛሬ በልተዋል?»

እሱን አላውቅም። እሷም መልሴን አልጠበቀችም፤ ከቦርሳዋ የተጋመሰ ለስላሳ አውጥታ ተንበረከከች። ጠርሙሱን ወደ አፋቸው ስታስጠጋ የጋሽ አሮን እጅ ከየት መጣ ሳይባል መታውና አፈሩ ላይ ተንከባለለ።

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ልትገድዪው ነው?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ጋሽ አሮን ልክ ናቸው ብዬ ነበር። በሰፈራችን ስኳር ያለበት ሰው ጣፋጭ ከቀመሰ እንደሚሞት የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ልጅቱ ግን ለስላሳው ፈስሶ ሳያልቅ ጠርሙሱን አነሣችው።

«ጋሼ፣ እኔ ራሴ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምወጋው። የያዛቸው የስኳር መብዛት አይደለም፤ ማነስ ነው። አሁን ይልቀቁኝ፣ በኋላ ይርገሙኝ!»

የጋሽ አሮን እጅ በአየር ላይ ቀረ። እሷም በትንሽ በትንሹ አጠጣቻቸው። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፦ «አየህ፣ መዋጥ ስለሚችሉ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ቢሆን አፉ ላይ ጠብታ አይደረግም፤ ያንቀዋል። እሱን ተሸክሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው» አለችኝ።

ጥቂት ቆይቶ የጋሽ ኦይታ እጅ ረጋ። ዓይናቸው ከሄደበት ተመለሰ።

«አሮን፣ ራሴን ምን ያስይዝሃል? ሐብሐብ ልትገዛ ነው?»

ጋሽ አሮን ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። የሞት መልክ ያየሁበት ፊት በለስላሳ ሲመለስ ማየቴን እስከ ዛሬ ለማመን ይከብደኛል።

ልጅቱ ሰሊሆም ትባላለች፤ ምዕራብ ዓባያ አስተማሪ ናት። ጣታቸውን ወግታ በራሷ የስኳር መለኪያ አየችና፣ ጎማው እስኪቀየር ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን በሉ?»

«ምንም። ጾም ላይ ነኝ።»

«ትናንትስ?»

«ልጄ፣ ምግብ ከዘጋኝ ሰንብቷል። ሽታው ያስጠላኛል። ዘሪቱ፣ ባለቤቴ፣ የሠራችውን ስታቀርብልኝ ጉሮሮዬ ይቆለፋል። ኋላ የጉባኤው ጾም ታወጀ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጸጋ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሌላው ከሆዱ ጋር እየታገለ ይጾማል፤ እኔ ያለ ትግል።»

«መርፌውንስ?»

ጋሽ ኦይታ ደረታቸውን ነፉ። «እሱንማ አንድም ቀን አላስቀረሁ! ሐኪሙ እንዳትተው ብሎኛል፤ አልተውኩም።»

ሰሊሆም አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ ጋሼ! እርስዎ ጾሙ፤ መርፌው ግን አልጾመም!»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«መርፌው የተወጋው የሚበሉትን ሊያሠራ ነው። የሚበላ ሲያጣ በደምዎ ውስጥ የቀረችውን ስኳር ይለቅማታል። ጭንቅላት ደግሞ ያለ እሷ አይሠራም። ይኸው የሌለ ፍየል ሲያስገቡ ነበር።»

«ፍየል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን ነቀነቅሁ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

ጋሽ አሮን ግን ገና አልተረቱም። «ቆይ እህቴ፣ ይህ በሽታ ከመብል የመጣ አይደለም እንዴ? ካልበላ ይደርቅለታል እንጂ ምን ይጎዳዋል?»

«ጋሽ አሮን፣ ጎርፍ አስቸገረ ተብሎ ቦዩ ጨርሶ ቢደፈን ሙዙ ምን ይሆናል?»

«ይደርቃል።»

«ሰውም እንደዚያው ነው። መብዛቱ ይጎዳል፤ ማለቁም ይገድላል፤ ያውም በደቂቃ።»

«እንግዲያው መርፌውን ልተወው» አሉ ጋሽ ኦይታ።

«እሱንማ እንዳያስቡት! ኢንሱሊኑ ከቀረ ባይበሉም ስኳሩ ወጥቶ ደም ይመርዛል። ምግብ ሲዘጋ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው። ምግብ መዝጋቱ ራሱ እኮ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ክኒን ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ የተደበቀ በሽታ ወይም ሐዘን ሊሆን ይችላል። እርስዎ ጸጋ ያሉት ምናልባት ሕመም ነው፤ ዛሬውኑ ይመርመሩት።»

«ያልፈለግሁትን በግድ ልዋጥ?»

«እኔንም አንድ ክረምት እንዲሁ ዘግቶኝ ነበር። እናቴ ሰሃን ሞልታ ስታቀርብልኝ አለቅስ ነበር። ኋላ ሰሃኑን ትተን በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀመርን። ረሃብን አልጠበቅንም፤ ሰዓት ጠበቅን። ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ረፈድ ሲል ወተት፣ ቀን የዓሣ መረቅ፣ ማታ ሁለት ሦስት ጉርሻ የበቆሎ ፎሰሴ ከሽፈራው ቅጠል ጋር። ሆዴን በውኃ አልሞላም፤ ከምግብ በፊት ትንሽ እራመዳለሁ። ብቻዬንም አልበላም፤ ከሰው ጋር እጅ ሳያውቀው ይዘረጋል።»

ጋሽ ኦይታ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። «ለእግዚአብሔር የገባሁትን ጾምስ?»

«ሰባኪ አይደለሁም፤ ለመጋቢዎ ይንገሩ። ግን ከእህል ሌላ የሚጾም ነገር አያጡም።»

«ወሬ እጾማለሁ» አሉ ጋሽ ኦይታ።

«እሱስ ከእህሉ ይከብድሃል» አሉ ጋሽ አሮን፤ ሁላችንም ሳቅን።

ሰሊሆም ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ቆርሳ ሰጠቻቸው። ጎረሱ። እያስጠላቸው፣ እንባ እየተናነቃቸው አኘኩ። «አፌ አልፈለገም፤ ለመርፌው ስል ነው» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን እዚህ ላይ ልናገር። ሐኪሙ መርፌውን አስተካከለ፤ ምግብ የዘጋው የክኒን ነገር ሆኖ ተገኘና ተለወጠ። ጋሽ ኦይታ በሰዓት ትንሽ ትንሽ እየበሉ ሰውነታቸው ተመለሰ፤ ዛሬ ከማሳ የሚቀድማቸው የለም። ኪሳቸው ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አይጠፋም፤ ዘሪቱም እኛ ጎረቤቶችም መቼ እንደሚሰጥ እናውቃለን። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አልጠየቀንም፤ ፍርሃታችንን መመርመር ብቻ ነው የጠየቀን።

ያን ዕለት ግን ገና ከግንዱ አጠገብ ነን። ረዳቱ «ምዕራብ ዓባያ! ግቡ!» ብሎ ተጣራ፤ ሰሊሆም ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት ጋሽ አሮን ቀና አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሽተኛው ራሱ ጣፋጭ ስጡኝ እያለ ቢለምንስ?»

«እሱማ ሰውነቱ ያውቃል ማለት ነው። ፈጥኖ መስጠት ነው።»

«አልቦት፣ እየተንቀጠቀጠ፣ የልጁን ስም እየረሳ?»

«አዎ፣ ልክ እንደ ጋሽ ኦይታ።»

«እያለቀሰች ብትለምንስ?»

ጋሽ ኦይታ ዳቦውን አፋቸው ድረስ አድርሰው ቀሩ። የጋሽ አሮን ባለቤት ማራኪ በዚሁ ሕመም ያረፈችው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው፤ ጣፋጭ እንዳትቀምስ የሚጠብቋትም እሳቸው ነበሩ። ሰሊሆም ይህን አታውቅምና ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ ጋሽ ኦይታ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኟት።

ጋሽ አሮን ተነሡ። ባርኔጣቸው ከጉልበታቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። ወደ አስፋልቱ ሳይሆን ወደ ሙዙ ውስጥ ገቡ።

«አሮን! ወዴት ነው?» አሉ ጋሽ ኦይታ።

ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ቆሙ።