የወዳጅን መኪና ኮፈን መክፈት ነውር ነው ወይ?

ባለፈው ሰሞን የፍሬን ሸራ የያዘ ካርቶን ታቅፌ ከምሠራበት የመለዋወጫ ሱቅ ወደ አንድ ጋራዥ ስሄድ አጎቴን ከጸጉር ቤት ሲወጡ አገኘኋቸው። ቀኑ የሥራ ቀን ነው። እሳቸው ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን መስተዋት አስመስለው አስጠርገዋል። ለቅሶ ነው እንዳልል ፊታቸው ፈክቷል፤ ሠርግ ነው እንዳልል አክስቴ አብራቸው የለችም።

አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ተሳፋሪ ሲሳፈርም ሲወርድም «ቀስ በሉ» ማለት ስለማይታክታቸው ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቀስ በሉ» ይላቸዋል። ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ፤ የማውቀውን ያወቅሁት አስተማሪ ቆሞልኝ ሳይሆን ራሴን አስተምሬ ነው። ስለ መኪና የተጻፈ ነገር እጄ ከገባ ሳላነብ አልለቀውም። ከመጽሐፉ ይልቅ ግን ያስተማረኝ የሱቃችን ባንኮኒ ነው። የመኪናን መልክ ሻጯ ያውቃል፤ አመሏን የሚያውቀው መለዋወጫ የሚሸጠው ነው። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ሱቁ ክፍት ነው፤ ይምጣ።

«ጋሼ፣ ማንን ሊድሩ ነው?» አልኳቸው።

«ራሴን!» ብለው ሳቁ። «የዶክተርን መኪና ልወስዳት ነው። ገንዘቡም ይኸው፣» ብለው የኮታቸውን ደረት መታ መታ አደረጉ።

ዶክተር የሚሏቸው ግድግዳ የሚጋሯቸውን ጎረቤታቸውን፣ ጥርስ ሐኪሙን ነው። መኪናዋንም አውቃታለሁ። ከሩቅ ሲያዩአት ባለ አራት በር የቤት መኪና ናት፤ ከኮፈኗ ሥር ግን የእሽቅድምድም ልብ ነው ያላት። ጥቁር ሰማያዊ፣ ዝቅ ያለች፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል።

«የስፖርት መኪና? እርስዎ?»

«እኔ! ምነው፣ ለሽማግሌ የተፈቀደው ከዘራ ብቻ ነው? ያን ዝሆን የሚያህል አውቶቡስ እየነዳሁ ስኖር ያላለፈኝ የለም። ብስክሌት አልፎኛል። አንድ ጊዜማ ዳገት ላይ ጋሪ የሚገፋ ሰው አለፈኝና ዞር ብሎ "አይዞዎት አባባ" አለኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ምኞታቸውንም አልነቀፍኩም፤ ሰው በወጣትነቱ ያማረውን በሽምግልናው ቢያገኝ ማን ይጎዳል? የምነቅፈው ሌላ ነገር ነበር።

«መልካም። ሞተሯን ማን አየልዎት?»

«ማን ያያል? የዶክተር መኪና እኮ ናት!»

«ዶክተሩ የጥርስ እንጂ የሞተር ዶክተር አይደሉም።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! የተከበረ ሰው ነው። ቤቱ ገብቼ የበላሁ የጠጣሁ ሰው፣ "እስቲ ኮፈኑን ክፈትልኝ" ልበለው? "አላመንኩህም፣ አጭበርባሪ ነህ" ማለት እኮ ነው። ነውር ነው!»

«ጋሼ፣ የያዙት የጡረታ ገንዘብዎን ነው አይደል? እሱ ቢጠፋ ሌላ አለዎት?»

«ከየት አባቴ አመጣዋለሁ?»

«እንደ ዶክተሩ ያለ ጎረቤትስ?»

«እሱማ አይገኝም።»

«እንግዲህ ሁለቱንም በአንድ ኪስ ይዘው ነው የወጡት።»

ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ፣ «በይ ነይ አብረሽኝ። ግን አፍሽንም ኮፈኑንም እንዳትከፍቺ፣» አሉኝ። ጋራዡ መንገዳችን ላይ ስለነበር ካርቶኔን አስረክቤ ተከተልኳቸው።

በመንገድ ላይ፣ «ለመሆኑ ጋሼ፣ ፈጣን መኪና የሚመረጠው በምን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በቀለሟና በድምጿ።»

«በጎማዋ ቢሉ ይሻል ነበር።»

«ጎማማ የትኛዋም መኪና አላት!»

«የሷ ግን ሰፊ ነው፤ ቶሎም ያልቃል፤ ዋጋውም ከተራ መኪና ጎማ ጋር አይገናኝም። ፍሬኗም እንዲሁ ነው። ቤንዚኑንማ እርስዎ ያውቁታል፤ እግርዎ ደስ ባለው ቁጥር ኪስዎ ያለቅሳል። ያገለገለች የስፖርት መኪና ጋሼ፣ ድሮ ጌታ የነበረ ሰው ማለት ናት። መሸጫዋ ይረክሳል፤ ጥገናዋ ግን የድሮ ክብሯን አይረሳም። መኪና የሚገዛ ሞልቷል፤ የሚያኖር ነው የጠፋው። የአንዲት ዕቃ ዋጋ ስነግረው ባንኮኒው ላይ የሚደገፍ ስንት ሰው አያለሁ መሰልዎት!»

«እና አትግዛ ነው የምትይኝ?»

«ይግዙ እንጂ! ግን ያለዎትን ሁሉ ሻጩ እጅ ላይ አፍስሰው አይምጡ። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ጠቀም ያለ ድርሻ ይቀመጥ። መለዋወጫዋ እዚሁ የሚገኝ መሆኑንም ይወቁ፤ የዚች እንኳ ይገኛል፣ እኔው እሸጣለሁ። ደግሞ ጥቂት ተጉዛለች ሲሉዎት አይደሰቱ። ብዙ ተጉዛ ዘይቷ በጊዜው የተቀየረላት፣ ተረስታ ከቆመችው ትሻላለች። ከሁሉም ከሁሉም ግን ሞተሯ ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሣ ይስሙት። የመኪናም የሰውም ጠባይ የሚታወቀው ጠዋት ሲነሣ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው፤ አክስትሽን እንኳ...» ብለው ጀመሩና ግራ ቀኙን አይተው ተዉት። «ብቻ ይኼን ሁሉ ዶክተር ፊት እንዳታወሪ። የያዝሽው ነገር ይሉኝታ ማጣት ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢዬን አንድ አፍታ ላቁም። ይሉኝታን የምትንቅ ሴት አድርጎ የሚያየኝ ካለ ተሳስቷል። ይሉኝታ በቦታው ጌጥ ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ የድስት ክዳን ከፍቶ አለማየት ጨዋነት ነው። የሚገዙትን ድስት ገልብጦ ቀዳዳ አለመፈለግ ግን ጨዋነት አይባልም፤ ስሙ ሌላ ነው፤ አጎቴን ስለምወዳቸው አልጽፈውም።

ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ዶክተሩ ደጃፍ ቆመው ይጠብቁናል። የሁለቱ ሰላምታ ከመርዘሙ የተነሣ ካርቶኔን እንደተሸከምኩ ቢሆን ኖሮ ክንዴ ይገነጠል ነበር፤ ቤተሰብ፣ ጤና፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ደግሞ እንደገና ቤተሰብ። መኪናዋ ታጥባ ታብለጨልጫለች። አጎቴ መሪዋን ሲጨብጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ በምንም ነገር አልለውጠውም። ለዚህ ስል ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ እጄ ኮፈኗ ላይ አረፈ። ግሏል።

«ዶክተር፣ ዛሬ ይዘዋት ወጥተው ነበር?»

«የለም፣ እዚሁ ናት የዋለችው።»

አጎቴ በጉሮሯቸው ምልክት ሰጡኝ። አልሰማሁም።

«ታዲያ ኮፈኗ ለምን ጋለ?»

አጎቴ ከመኪናዋ ወረዱና ከእኔና ከዶክተሩ መካከል ገቡ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺ ልጅ ከብረት ጋር እየዋለች ሰው ማመን ትታለች። ይኸው ይቀበሉኝ፣» ብለው የገንዘቡን ፖስታ ከኮታቸው አወጡ።

ዶክተሩ እጃቸውን አልዘረጉም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ጎረቤቴ፣ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱት፣» አሉ።

አጎቴ አመድ መሰሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አየሽ? አስቀየምሽልኝ! አሁን ደስ አለሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አልተቀየምኩም! እፎይ ነው ያልኩት፣» አሉ ዶክተሩ። «ባትጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ እንቅልፍ አልነበረኝም። መኪናዋ ጠዋት ስትነሣ ትንኳኳለች፤ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የጨመሩባት ነው የሚመስለው። ሲሞቃት ዝም ትላለች። መካኒኬ "የሞተሩ ሰንሰለት ላልቷል፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል፣ ቶሎ ቀይረው" ብሎኛል። እንግዳ ሲመጣ የልጅ አፍንጫ እንደሚጠረገው፣ እናንተ ፊት እንዳታዋርደኝ ቀድሜ አሞቅኋት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ ዶክተር?»

«ልነግርዎት ስንት ጊዜ በራፍዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ! ቃል ከሰጠሁ በኋላ ጉድለቷን ባወራ "ዋጋ የሚጨምርለት ሰው አገኘና ሊያስቀረኝ ነው" የሚሉኝ መሰለኝ። እርስዎ ደግሞ አንዲት ጥያቄ አይጠይቁ! ቀለሟን አመሰገኑ፣ እኔን አመሰገኑ፣ ሄዱ። ቢጠይቁኝ እኮ እመልስ ነበር።»

«እኔማ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው!»

«እኔም እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነዋ!»

እነሆ፣ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች "እርስዎ ይቅደሙ" እየተባባሉ ተያይዘው ገደል ሊገቡ ነበር። ሻጩ አጭበርባሪ አይደሉም፤ ገዢው ቂል አይደሉም። በመካከላቸው የገባው መከባበራቸው ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ተበጥሶ አጎቴ መንገድ ዳር ሲቆሙ ግን ማን ይህን ያስታውሳል? «ጎረቤቴ ጉድ ሠራኝ» ነው የሚሉት፤ ደግሞም በሆዳቸው ይዘው፣ ምክንያቱም መናገርም ነውር ነው።

አጎቴ ግን ገና አልተሸነፉም። «ያም ሆኖ፣» አሉ፣ «የሰውን ንብረት ክፈት፣ አሳየኝ ማለት መጠርጠር መሆኑ አይቀርም።»

ዶክተሩ ሳቁ። «ወንድሜ፣ እኔ እንጀራዬ ሰውን "ክፈት፣ አሳየኝ" ማለት ነው። ዳኛውም ሀብታሙም ወንበሬ ላይ ተጋድሞ አፉን ይከፍትልኛል። አንድም ሰው "ጠረጠርከኝ" ብሎኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝ የማይናገረው ነው። ያ መንጋጋዎ ትዝ ይልዎታል? እየነካሁት "ያምዎታል ወይ?" ስልዎት "ኧረ ምንም አይል፣ እጅዎ ይባረክ" ይሉኛል፤ እንባዎ ደግሞ በጉንጭዎ ይወርዳል! እኔም ቃልዎን አምኜ ሰደድኩዎት። ሲብስ መጡና ነቀልኩት። ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ይድን ነበር።»

አጎቴ በምላሳቸው የጎደለውን ቦታ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«እሱስ...» አሉ በመጨረሻ፣ «በጣም ነበር ያመመኝ።»

ያን ቀን ፖስታው ወደ ኪስ ተመለሰ፤ መኪናዋም ቀዝቅዛ እንድታድር ተተወች። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጎራ ብል አጎቴ ከረባትም የለ፣ የተወለወለ ጫማም የለ፤ በነጠላ ጫማቸው ቆመው ኮፈኑን በገዛ እጃቸው ከፍተውታል። ዶክተሩ ሞተሩን አስነሡት። ያ ጠጠር ተንኳኳ። ሁለቱ ሽበታቸውን አጋጥመው ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ የታመመ ልጅ ደረት የሚሰሙ ይመስሉ ነበር።

«ሰሙልኝ?» አሉ ዶክተሩ፣ ኩራት በሚመስል ድምፅ።

«ጠጠር ነው ያሉኝ? ይኼማ አለት ነው!» አሉ አጎቴ።

ከዚያ ወደ ጋራዥ ተወሰደች። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ፍሬኗ ደህና፣ የኋላ ጎማዎቿ ግን ያለቁ መሆናቸውን ተናገረ። ዶክተሩ የሰንሰለቱንና የሥራውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀነሱ፤ አጎቴም ጎማ ሲቀየር፣ ሌላም ሲመጣ የሚነካ ገንዘብ ለብቻው አስቀመጡ። ሰንሰለቱን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ቅናሽ አድርጌያለሁ፤ ትንሽ።

እንግዲህ ጥቅሙን ለመቁጠር ብዙ ብልህነት አይጠይቅም። አጎቴ ምን እንደገዙ፣ ነገ ምን እንደሚጠይቃቸውም ያውቃሉ፤ መኪናዋ ብትንኳኳ ጋራዥ ይሄዳሉ እንጂ ጎረቤታቸውን አያሙም። ዶክተሩ እንቅልፋቸውን አግኝተዋል። ሞተሩም ከጥፋት ድኗል። ይህ ሁሉ የተገኘው አንድ ሰው «ለምን ጋለ?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ መኪናም ይሁን ቤት ከወዳጅህ ስትገዛ ከባዳ ከምትገዛው ይልቅ አጥብቀህ ጠይቅ። ባዳ ቢያታልልህ የምታጣው ገንዘብ ነው፤ ከወዳጅህ ጋር ሳትጠያየቅ ከተበላሸ ግን የምታጣው ሰው ነው።

ሥራው ያለቀ ዕለት ጋራዥ ስደርስ ሁለቱ ግድግዳ ሥር ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። አጎቴ፣ «ካነሣነው አይቀር ዶክተር፣ ያ የግቢህ ዛፍ ቅጠሉን ሁሉ ጣሪያዬ ላይ ነው የሚያራግፈው። ሽቦ እስክመስል ጠርጌያለሁ፣» ይላሉ።

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር? እኔ ደግሞ ያን ዛፍ ቆርጬ ልገላገል ስል "ጎረቤቴ ጥላውን ይወደዋል" ብዬ ነው የተውኩት!»

«እኔ? ጥላውን? ማን ነገረህ?»

እርስዎ መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም ያወቁ አይመስለኝም። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና የመኪናዋን ቁልፍ ዘረጋ። የሚቀበለው አጣ።

«እዚያ አስቀምጠው፣ ልጄ፣» አሉት አጎቴ ቀና ሳይሉ፤ «ገና ከዛፉ አልወረድንም።»