አንድ ክንድ ሣር

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሯ መጠሪያ፦ ሙሉ ስሟ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በሥራ ቦታዋ «አለቃ» ትባላለች
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ በአረጋውያን መጦሪያ የአትክልተኞች ኃላፊ
አድራሻ፦ ከመጦሪያው ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ጉዳዩ፦ የጠፋ ሣር አጫጅ ሮቦት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡40
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ግንኙነት፦ የሥጋ ዝምድና የለም፤ ሙያ ያስተማራት ሰው ነው

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ እንድናገር፣ ሐሰት ብናገር እንደምጠየቅበት በመርማሪው ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ማንም አልጠራኝም፤ በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት። የመጣሁበት ምክንያት ትናንት ረቡዕ ከረፋዱ 5፡00 ሰዓት ላይ ከሠራተኞች ሻይ ክፍል የተያዘው ጋሽ ማጭድ በሌለበት ነገር ስለታሰረ ነው። ጋሽ ማጭድ የምንለው በመጦሪያው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራውን አትክልተኛ ነው። ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሰባት ወር ነው። በሌብነት ከተከሰሰ ሥራውንም፣ በግቢው ውስጥ የሚኖርባትን አንዲት ክፍልም ያጣል። ጥፋቱ ደግሞ የእሱ ሳይሆን የኔ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የመጦሪያው ሥራ አስኪያጅ ቢሮዋ ጠርታኝ የቤንዚኑ ማጨጃ ድምፅና ጭስ አረጋውያኑን እንዳማረራቸው ነገረችኝ። በምትኩ በባትሪ የሚሠሩ መሣሪያዎችን መርጬ እስከ ነገ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ እንዳቀርብም አዘዘችኝ። ሻጩ ድርጅት የጠፋችውን ሣር አጫጅ ሮቦት ጨምሮ ለሙከራ ብዙ ዕቃ አመጣልን። በወረቀት ላይ ሁሉም ጎበዝ ስለሆነ ወረቀቱን ትቼ በራሴ መንገድ ፈተንኳቸው። የአጥር መከርከሚያዎቹን ከራሴ በላይ ይዤ እስከ ሁለት መቶ ቆጠርኩ፤ ክንዴን ያንቀጠቀጡትን ሁለቱን መለስኩ። ባትሪያቸው ከሌላው ጋር የማይገጥመውንም መለስኩ፤ የቱ ባትሪ የየቱ ነው እያልን ቀኑን በፍለጋ ማሳለፍ አልፈልግም። ለድምፁ ደግሞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ፣ አረጋውያኑ ጋደም በሚሉበት ሰዓት፣ እያንዳንዱን በመስኮታቸው ሥር አስነሳሁት። አንድ መጋረጃ ከተነቃነቀ ወድቋል ማለት ነው። በቤንዚኑ ጊዜ ሁሉም መጋረጃ ተነቃንቆ አንድ ሽማግሌ ከመስኮት የስድብ ናዳ አውርደውብኛል፤ ስድቡን እዚህ ማስመዝገብ አልፈልግም። በሮቦቷ ጊዜ አንድም መጋረጃ አልተነቃነቀም።

ሮቦቷ ቁመቷ ከጉልበት በታች ነው። በሣሩ ዙሪያ አፈር ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይቀበራል፤ ሽቦው ጋ ስትደርስ ትመለሳለች፤ ሲደክማት ራሷ ሄዳ ቻርጅ ላይ ትተኛለች። «ኤሊ» ብሎ ስም ያወጣላት ጋሽ ማጭድ ነው። ስሙን የሰጣት ግን በፍቅር አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት በሻይ ክፍል፣ ስድስት ሰው በተሰበሰበበት፣ «ይቺን ኤሊ ከዚህ ግቢ የማስወጣት እኔ ነኝ» ብሎ ተናግሯል። እኔም ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ጋሽ ማጭድ ባለፈው ዓመት የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ፣ ወጥ ቤቱን፣ ሥራ አስኪያጇንና እኔን ከዚህ ግቢ እንደሚያስወጣ ተናግሮ ነበር። ሁላችንም እስካሁን አለን፤ ቧንቧውም እያንጠባጠበ ነው። አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ። ከሣራችን ጀርባ ተዳፋት አለ። ከተዳፋቱ ግርጌ የተሸነቆረ የቁጥቋጦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ባለቤቱ ከሄደ የቆየ፣ ሣሩ እስከ ወገብ የደረሰ ባዶ ቦታ ይገኛል። ሽቦውን የቀበረው የድርጅቱ ባለሙያ ከተዳፋቱ አፍ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ አስገብቶ ቀብሮታል። እንዳላንቀሳቅሰውም በጣቱ እያመለከተ አስጠንቅቆኛል። በዚህ ምክንያት በተዳፋቱ አፍ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ሣር ሳይታጨድ ይቀራል። ጋሽ ማጭድ በየጠዋቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣና ያቺን አንድ ክንድ ሣር ያጭዳል። ሲጨርስ ማጭዱን በሱሪው ይጠርግና እኔን ያየኛል። ያቺ አስተያየት አንጀቴን አቃጠለችኝ። ሰኞ ከቀኑ 10፡30 ሰዓት ላይ ችካሎቹን በእጄ ነቅዬ ሽቦውን እስከ ተዳፋቱ አፍ ድረስ ገፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

ማክሰኞ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ፤ ከ9፡40 በኋላ አባራ። ኤሊዋ በተመደበላት ሰዓት፣ በ10፡00፣ ወጥታ ማጨድ ጀመረች። እኔ በዕቃ ቤት ነበርኩ። ወትሮ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት ወደ ቻርጇ መመለሷን አያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ቸኩዬ ሳላይ 11፡00 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ስገባ ቦታዋ ባዶ ነው። ለሥራ አስኪያጇ አመለከትኩ። የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ ጋሽ ማጭድ በዚያው ጠዋት 12፡50 ሰዓት ላይ በጆንያ የተሸፈነ ነገር በጋሪ እየገፋ በኋላው በር ሲወጣ ማየቱን ተናገረ። የሻይ ክፍሉ ንግግርና ጋሪው አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ፖሊስ ተጠራ። በጋሪው ላይ ምን እንደነበር ሲጠየቅ ጋሽ ማጭድ የራሱ ጉዳይ መሆኑን ተናግሮ አፉን ዘጋ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት የእሱ ነው። እኔም እስከ ከሰዓት ድረስ ጠርጥሬዋለሁ። ሽቦውን ማንቀሳቀሴን ያን ጊዜ አላስታወስኩም፤ ወይም ማስታወስ አልፈለግኩም። በዚህ አፍሬያለሁ።

በዚያው ረቡዕ ጠዋት 2፡30 ሰዓት ላይ፣ በግርግሩ መሀል፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ በመስኮት ጠርተውኝ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ከኋላ በኩል ያለማቋረጥ የሚጮኸው ጉሮሮው ብረት የሆነ ወፍ ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጭንቅ ላይ ስለነበርኩ አላውቅም እማማ ብዬ አለፍኩ። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ረቡዕ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ላይ የምርጫውን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ዕቃ ቤት ገባሁ። ለሙከራ ከተሰጡን መሣሪያዎች መካከል በሚሽከረከር ክር ሣር የሚቆርጥ፣ በባትሪ የሚሠራ የጠርዝ መቁረጫ አለ። አነሳሁት። መከለያው በሣር ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል፤ ማንገቻው ላይ ልብስ የሚይዘው ጨጎጊት ተለጥፏል። በኛ ግቢ ጨጎጊት የለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ሲነቅል የኖረው ራሱ ጋሽ ማጭድ ነው። መሣሪያው የተቀመጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። በግቢያችን ስለት ያለውን ዕቃ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍም ሁለት ነው፤ አንዱ በኔ፣ ሌላው በእሱ እጅ ነው። ይህን መቁረጫ እንዲሞክረው ሁለት ጊዜ ለምኜው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በሰው ፊት የልጅ መጫወቻ አልይዝም ብሎኛል። ስለዚህ መሣሪያውን ያለ ፈቃድ ወሰደ ሊባል አይችልም፤ እኔው የለመንኩትን ነው ያደረገው።

ዛሬ ሐሙስ ከጠዋቱ 12፡30 ሰዓት ላይ በኋላው በር ወጥቼ የጋሪውን ጎማ ዱካ ተከተልኩ። ዱካው ወደ ባዶው ቦታ ወሰደኝ። እዚያ ያ እስከ ወገብ የደረሰ ሣር በሰፊው ታጭዶ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው መስመር የተጠማዘዘና አይጥ የበላው የሚመስል ነው። ሁለተኛው ይሻላል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ መስመሩ ቀጥ ብሏል፤ የታጨደውም ሣር ሁሉ ወደ ቀኝ ተኝቷል። ሣሩን ወደ ቀኝ አስተኝቶ ማጨድ ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ እጁን አውቃለሁ። በጆንያ ሸፍኖ ያወጣው ይህንኑ መቁረጫ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። በሰው ፊት ያጣጣለውን መሣሪያ፣ ማንም ሳያይ፣ እኔ ሥራ ሳልገባ፣ ሰው በሌለበት ቦታ ሲለማመድ ነበር። በዚህ ዕድሜው ተማሪ ሆኖ እንዳይሳቅበት ብሎ ታሰረ እንጂ አልተናገረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መርማሪው ይህም ይጻፍ ወይ ሲለኝ ይጻፍ ብያለሁ።

ቀና ስል ተዳፋቱን አየሁ። እኔ ሽቦውን ከገፋሁበት አፍ ጀምሮ በጭቃው ላይ የሁለት ጎማ መንሸራተቻ በአጥሩ ሽንቁር በኩል ወርዶ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገብቷል። ሣሩን በእጄ ገለጥ ሳደርገው ኤሊዋ በጎኗ ተጋድማለች። የጋሽ ማጭድ የመጨረሻ መስመር ካለቀበት ቦታ እስከ እሷ ድረስ በእግሬ ለካሁ፤ ሁለት እርምጃ ነው። እጄን አላሳረፍኩባትም። ከጠዋቱ 1፡10 ሰዓት ላይ ለጥበቃ ሠራተኛውና ለድርጅቱ ባለሙያ ስልክ ደውዬ ሁለቱም መጥተው ባለችበት አይተዋታል። ፖሊስም መጥቶ ፎቶግራፍ አንስቷል።

የድርጅቱ ባለሙያ እንዳስረዳን እርጥብ ሣር ላይ ስትደርስ ተንሸራትታ ሽቦውን አልፋለች። የሽቦው ቦታ ከነበረበት መለወጡንም አይቷል፤ እኔ መሆኔን ነግሬዋለሁ። ኤሊዋ ከወደቀች ባትሪዋ እስኪያልቅ ድረስ በየመሀሉ ትጮሃለች። ልብስ ሰፊዋ እማማ የሰሟት ወፍ እሷ ነች። እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ማጭድ እዚያ ሲያጭድ፣ መሣሪያውን አጥፍቶ ላቡን ሲጠርግ፣ ሁለት እርምጃ ርቃ ስትጮህ ነበር። አልሰማትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተሸከመው የቤንዚን ማጨጃ ጆሮውን ወስዶበታል። እኛ ደግሞ ስንጠራው ዝም ሲል ኩራት እየመሰለን እናኮርፈው ነበር። እኔ ዋናዋ ነኝ።

በመጨረሻም ምርጫዬ በዚህ ቃል ውስጥ እንዲመዘገብልኝ ጠይቄያለሁ። መርማሪው የመሣሪያ ምርጫ ለምርመራው አያስፈልግም ብሎኛል፤ እኔ ያስፈልጋል ብያለሁ። ለሰፊው ሣር ሮቦቷን መርጫለሁ። ለጠርዝና ለተዳፋት የጠርዝ መቁረጫውን መርጫለሁ። የቤንዚኑ ማጨጃ ከእንግዲህ አይነሳም። ሽቦው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የምትቀረው አንድ ክንድ ሣር የጋሽ ማጭድ ናት፤ በማጭድም ይሁን በባትሪ እሱ ያውቃል። ሥራ አስኪያጇም ዛሬ ጠዋት በስልክ የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንደምትልከው ቃል ገብታልኛለች።

ለሽቦው መነሳት ተጠያቂዋ እኔ ብቻ ነኝ። ያልኩትን ሁሉ ያልኩት ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ነው። ጽሑፉ ተነቦልኛል፤ እንደተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከእውነት የጨመርኩትም የደበቅኩትም ስለሌለ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ______________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የምስክሯ ቃል ካበቃ በኋላ፣ ከረፋዱ 5፡50 ሰዓት ላይ፣ ተጠርጣሪው ከማቆያ ክፍል ተጠርቶ ንብረቱ መገኘቱና መለቀቁ ተነግሮታል። በመጀመሪያ አልሰማም፤ ጠጋ ብዬ ደግሜ ነገርኩት። ከዚያም ንብረቱ ከመጨረሻ መስመሩ ሁለት እርምጃ ርቆ መገኘቱን ሲሰማ ምስክሯን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። በራሱ አንደበት የሚከተለውን ብቻ ተናግሯል፦ «ሁለት እርምጃ? አንቺ ልጅ፣ ትናንት አርፍደሽ ብትገቢ ኖሮ እሷንም አጭጄ እኔው አመጣልሽ ነበር።» ምስክሯ ከዛሬ ጀምሮ እንደምታረፍድ መልሳለታለች። ሁለቱ አብረው ወጥተዋል።

የመርማሪው ፊርማ ______________