ዋጋው አልያዝ ያለ ክላርኔት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች መሸጫ ሱቅ፤ የቀድሞው የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ክላርኔት ነፊ መቶ አለቃ ደግፌ እና በቅርቡ ባሏ ምናሴ የሞተባት ባለሱቋ ወይዘሮ ባዩሽ የመስታወቱን መደርደሪያ መሀል አድርገው ቆመዋል።

ደግፌ፦ ሁለት መቶ አርባ ሺህ? ባለፈው ወር እዚሁ ቆመው መቶ ሰማንያ አላሉኝም?

ባዩሽ፦ ባለፈው ወር ባለፈው ወር ነው፣ መቶ አለቃ። ዶላር የት እንደደረሰ አልሰሙም?

ደግፌ፦ ዶላር ከዚህ ክላርኔት ጋር ምን አገናኘው? ሠላሳ ምናምን ዓመት ከዚህ መስታወት ውስጥ አልወጣ! ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ አስመሰሉት እኮ። ከእኔ ነው የተገዛው፤ በብር፣ በአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ!

ባዩሽ፦ አዲሱን ጠይቀው ያውቃሉ? ዋናዎቹ ሙዚቀኞች የሚይዙትን፣ ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት የተሠራውን? ከስድስት መቶ ሺህ በታች ካገኙ ለእኔም ይግዙልኝ።

ደግፌ፦ አዲሱማ አዲስ ነው። ይሄ አሮጌ ነው! ክላርኔት እንደ ቫዮሊን ሲያረጅ የሚከበር መሰለዎት? በሰው ትንፋሽ የሚኖር እንጨት ነው። ይረጥባል፣ ይደርቃል፣ ውስጡ ይሰፋል፣ ድምፁ ይደክማል። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ዋጋው መውረድ ነው ያለበት። እናንተ ቤት ብቻ ነው ሽቅብ የሚወጣው።

ባዩሽ፦ በዚህ አገር የማይጨምር ነገር ይንገሩኝ እስቲ። ሽንኩርት አልጨመረም? የቤት ኪራይ አልጨመረም?

ደግፌ፦ ሽንኩርት ለሁሉም ሰው ነው የጨመረው። ይሄ ለእኔ ብቻ ነው! ሁለት ሺህ ሲባል ሁለት ሺህ ይዤ መጣሁ፤ ምናሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ስድስት ገብቷል» አለኝ። ስድስቱን አጠራቅሜ ስመጣ አሥራ አምስት። አሥራ አምስቱን ስይዝ አርባ። አንድ ቀን እንኳ፣ በስህተት እንኳ፣ ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅም።

ባዩሽ፦ ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ደግፌ፦ ይስማ! ጎረቤቱም ያውቀኛል። «ያ ክላርኔት የሚለማመጠው ሰውዬ» ነው የሚሉኝ። በደሞዜ የገዛሁት ነበር እኮ። ከአንድ አርመን ነጋዴ፣ በየወሩ እያስቆረጥኩ። ሠራዊቱ ሲበተን ሚስቴ አራስ ናት፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ የለም። ሳጥኑን ታቅፌ እዚህ ገባሁ። ምናሴ አገላብጦ አየውና «ማን በዚህ ጊዜ ክላርኔት ይገዛል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያኔ ማንም አይገዛም። አልተቀየምኩትም።

ባዩሽ፦ ታዲያ ዛሬ ምን አስቀየመዎት? ነጋዴ በርካሽ ይገዛል፣ በውድ ይሸጣል።

ደግፌ፦ መች ሸጠ? እሱን ነው የምልዎት! ይህን ሁሉ ዓመት ገዢ ያጣ ዕቃ ዋጋ ሲጨመርበት የት አይተዋል?

ባዩሽ፦ ገዢ አጣ ማን አለዎት? አንድ የሆቴል ሳክስፎን ነፊ የተባለውን ጥሬ ብር ይዞ መጥቶ ነበር። አንድ ከካናዳ የመጣ ሰውዬም እጥፍ ልክፈል ብሎ እዚህች ጋ ግማሽ ቀን ቆሟል። ምናሴ ሁለቱንም «አይሸጥም» ብሎ መለሳቸው።

ደግፌ፦ አይሸጥም? ለእኔ አርባ ሺህ እያለ?

ባዩሽ፦ እንግዲህ እንደዚያ ነበር።

ደግፌ፦ እንደዚያ ማለት እንዴት ነው? ለሌላው አይሸጥም፤ ለእኔ በየዓመቱ ይጨምራል። ምን ዓይነት ንግድ ነው ይሄ?

ባዩሽ፦ ንግድ ነው ማን አለዎት! እርስዎ እንዳይገዙት ነበር እኮ የሚጨምረው!

ደግፌ፦ ምን አልሽ?

ባዩሽ፦ ይተዉት። ከአፌ አመለጠኝ።

ደግፌ፦ ምን አልሽ፣ ባዩሽ?

ባዩሽ፦ ዛሬ ደግሞ «አንቺ» ሆንኩ?

ደግፌ፦ አዎ፣ አንቺ! የጀመርሽውን ጨርሺ።

ባዩሽ፦ ምን ልጨርስ? ብር ይዘው በመጡ ቁጥር «መጀመሪያ ልሞክረው» ብለው ይነፉ የለም? ያን ቀን ምናሴ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚያመሸው። በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ደንበኛ ቢመጣ «ተመለሱ» ይላል፤ ወንበሩን ስቦ እርስዎ ፊት ይቀመጣል። ከሄዱ በኋላ እንኳ ራት በቅጡ አይበላም። «ከገዛው እኮ ሁለተኛ አይመጣም፣ ባዩሽ» ይለኝ ነበር።

ደግፌ፦ ስለዚህ ጨመረብኝ።

ባዩሽ፦ ስለሚወድዎ ነው።

ደግፌ፦ መወደድ ማን ጠየቀው? ክላርኔት ነው የጠየቅኩት!

ባዩሽ፦ እንደዚህ አይበሉ። ሰውየው አፈር ውስጥ ነው ያለው።

ደግፌ፦ እኔስ የት ነበርኩ? አሥራ አምስት ሺህ ያለኝን ቀን ታስታውሻለሽ? አንድ የሆቴል ባንድ ሊቀጥረኝ፣ «መሣሪያህን ይዘህ ሰኞ ና» ተብዬ። ለምናሴ ሁሉንም ነገርኩት። ስድስቱን ውሰድ፣ ቀሪውን ከደሞዜ እያመጣሁ እከፍልሃለሁ አልኩት። እዚህች ጋ ቆሜ ለመንኩት! «ገበያው ነው ደግፌ፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። ፊቴን እያየ! ሰኞ ሌላ ሰው ገባበት። እኔ ወፍጮ ቤት ገብቼ ዱቄት ስመዝን አረጀሁ። አንቺ ያን ቀን የት ነበርሽ?

ባዩሽ፦ እዚሁ። እዚያ ጥግ ሹራብ እየሠራሁ።

ደግፌ፦ ሰምተሻል።

ባዩሽ፦ ሰምቻለሁ።

ደግፌ፦ እና?

ባዩሽ፦ ባሌ ነው፣ ምን ልበል? ደግሞ እኮ እሱን ብቻ አይውቀሱ። ልጅዎ ሲታመም ሆስፒታል ያስገቡት በምን ነበር? የሚስትዎን ወርቅ ሸጠው አይደል? ክላርኔቱ ቤትዎ ቢኖር ኖሮ ያኔ ይተርፍ ነበር? የማያውቅበት ሰው እጅ ይገባ ነበር። ወይ ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር። ምናሴ ግን በእጁ ዘይት እየቀባ፣ ቁልፎቹን እየፈታ እየጠረገ፣ እንደ ሕፃን ነው የያዘው። አሁን ይዩት፣ አንዲት ጭረት የለውም!

ደግፌ፦ እሸጠው ነበር።

ባዩሽ፦ አዩ!

ደግፌ፦ እሸጠው ነበር፣ አዎ። ለልጄ ብዬ፣ እኔው ወስኜ። የራሴን ዕቃ ራሴ ሸጬ፣ ራሴ አለቅስ ነበር። ምናሴ ማን ነውና ነው የሚወስንልኝ? እሱ ወንበር ስቦ እንዲያዳምጥ እኔ ሰው ፊት ሳልነፋ ልሙት? በማርሽ ባንድ ስንሄድ መንገዱ ሁሉ ይቆም ነበር፣ ባዩሽ። ያን ሁሉ አድማጭ አሳጥቶ አንድ ወንበር ብቻ አስቀረልኝ።

ባዩሽ፦ ይቀመጡ እስቲ። ውኃ ላምጣ?

ደግፌ፦ ውኃ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ምናሴ ከሞተ ስድስት ወር አለፈው። የእሱ ነገር አበቃ። ባለፈው ወር መቶ ሰማንያ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ዕቁቤ ቶሎ እንዲወጣልኝ ለምኜ፣ ከሰው ጋር ተራ ተለዋውጬ ይዤ መጣሁ። ዛሬ ስልሳ ሺህ የጨመረው ማን ነው? ዶላር እንዳትዪኝ።

ባዩሽ፦ ይሄን ባይጠይቁኝ።

ደግፌ፦ ተናገሪ እንጂ!

ባዩሽ፦ ባለፈው ወር ሲሞክሩት እኔ ጓዳ ነበርኩ። ምጣድ ጥጄ ረስቼው አረረ። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ድምፅ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ይመጣል፣ ጊታር ይነካካል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ያ ግን... እሱ ያለ መስሎኝ ቡና ሁለት ስኒ ቀዳሁ።

ደግፌ፦ አንቺም።

ባዩሽ፦ እኔም። ምን ላድርግ?

ደግፌ፦ አንቺና ባልሽ ክላርኔቱን ብቻ አይደለም የወረሳችሁት፤ እኔንም ወረሳችሁኝ!

ባዩሽ፦ በቃ፣ ይውሰዱት። በነጻ ይውሰዱት። ይኸው ቁልፉ፣ መስታወቱንም ራስዎ ይክፈቱት። አንድ ሳንቲም አልፈልግም።

ደግፌ፦ ብሩን ያዢ።

ባዩሽ፦ አልነካውም። ከሰማሁት በኋላ በየትኛው እጄ ልቀበል?

ደግፌ፦ ያዢ እልሻለሁ! በነጻ ከወሰድኩት ውለታ ነው። ውለታ ካለብኝ ደግሞ ሙት ዓመቱ ላይ ትጠሪኛለሽ፤ ድንኳን ውስጥ ቁጭ አድርገሽ «ለነፍሱ ትንሽ ንፉለት» ትይኛለሽ፤ እኔም እምቢ ማለት ያቅተኛል። መቶ ሰማንያ ብለሻል፣ መቶ ሰማንያው ይኸው። ሒሳባችን ተዘጋ፣ አለቀ።

ባዩሽ፦ እንዲህ ከጠሉን ምን እላለሁ። ያስቀምጡት እዚያ።

ደግፌ፦ አልጠላኋችሁም። ብጠላችሁ ይቀለኝ ነበር። ሳጥኑን ወዲህ በይ።

ባዩሽ፦ ይኸው። ሪዱን፣ መንፊያው ላይ ያለውን ምላስ፣ አዲስ አድርጌለታለሁ። ዘይቱም የትናንት ነው። መቶ አለቃ... ዕቃ ሳይሞከር አይገዛም። አንዲት ዜማ ብቻ፣ አጠር ያለችውን። በሩን ልዘጋው?

ደግፌ፦ እንዳትዘጊው፣ ልወጣበት ነው። ሠላሳ ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ የምነፋው ቤቴ ነው።