ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከቀትር በኋላ፤ ፀዳለ የባሏ የመክብብ ሙት ዓመት አምስት ቀን ሲቀረው፣ የመክብብ የልብ ጓደኛ በነበረው በሸሪፍ ሙዚቃ ቤት ባንኮኒ ላይ አንድ አሮጌ ካሴት አስቀምጣ ቆማለች።)

ፀዳለ፦ አልቀመጥም አልኩህ እኮ! የባሌን ድምፅ ስጠኝና ልሂድ።

ሸሪፍ፦ አቦ ተረጋጊ! የምን ድምፅ? ካሴቱ ያውና ፊትሽ። አስራ አንዱም ዘፈን አለ።

ፀዳለ፦ ዘፈኑንማ መች አጣሁት? ቀይ ጀልባውን ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። በአንዱ ፊት ሮኩን፣ በሌላው ፊት ሬጌውን፣ አንድ ቃል ሳይገባኝ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። እኔ የምልህ ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ያለውን ነው።

ሸሪፍ፦ ከመጨረሻው ዘፈን በኋላማ እሽሽሽ የሚል ባዶ ክር ነው።

ፀዳለ፦ እሱን ትናንት ሰማሁት። ልጆቹን ሰብስቤ፣ "አባታችሁ ሊናገር ነው፣ ዝም በሉ" ብዬ። እሽሽሽ... ካሴቱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ። ልጄ እጄን ይዛ "እማዬ ይብቃሽ" አለችኝ። ያበድኩ መስሏት።

ሸሪፍ፦ እዚያ ላይ ድምፁ አለ ብሎ ማን ነገረሽ?

ፀዳለ፦ ራሱ ነዋ። ሆስፒታል እያለ፣ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው። "ፀዱ፣ ቀይ ጀልባውን ስትሰሚ ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ አታጥፊው" አለኝ። "ምን አለ?" ብለው "የአድማጭ አስተያየት" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሲስቅ አላየሁትም። ዓመት ሙሉ ልከፍተው አልደፈርኩም፤ ሙት ዓመቱ እስኪቃረብ ብዬ አስቀመጥኩት። የአድማጭ አስተያየት ምንድነው ሸሪፍ?

ሸሪፍ፦ የልጅነት ጨዋታ ነው።

ፀዳለ፦ አጫውተኛ።

ሸሪፍ፦ እሑድ እሑድ እነመክብብ ግቢ አምስት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። ባቡር ላይ ይሠራ አልነበር? ሸክላውን ከጅቡቲ ያመጣው እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ ቀይ ጀልባ አለ፤ ስሙን ማንበብ ሲያቅተን ቀይ ጀልባው አልነው። ሕግ ነበረን፤ ዘፈን እየሄደ ያወራ ሰው ሻይ ያፈላል። ወላሂ፣ ሻይ የሚያፈላ ጠፍቶ ተጠምተን እናመሽ ነበር!

ፀዳለ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ሸሪፍ፦ ከሸክላው ወደ ካሴት ስንቀዳው መጨረሻ ላይ ስድስት ደቂቃ ክር ተረፈ። ማይክ ሰካንና ልክ እንደ ሬዲዮ፣ ተራ በተራ "አድማጭ እገሌ ነኝ" እያልን ተናገርን። አንዱ "ቤዙ አንጀቴን አራሰው" ይላል። ሌላው "ጊታሩ ቸክ ቸክ ሲል ደወሌ ላይ ወደ ጅቡቲ ቁልቁል የሚወርደው ባቡር ነው" ይላል። የተናገረ ሰው ደግሞ የወደደውን ዘፈን ለሆነ ሰው መስጠት ግዴታው ነው።

ፀዳለ፦ መክብብ ለማን ሰጠ?

ሸሪፍ፦ ክር ያረጃል ፀዳለ። የድሬ ሙቀት ሰውንም አልማረ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቀልድ ነው?

ፀዳለ፦ አስራ አንድ ዘፈን ላይ ያላረጀ ክር ንግግሩ ጋ ሲደርስ አረጀ? የተማረ ክር ነው እባክህ!

ሸሪፍ፦ ምናልባት መክብብ ራሱ ተሳስቶ ቀድቶበት...

ፀዳለ፦ ሙት መልስ አይሰጥም ብለህ ነው? በል አንሳው። ጀርባውን አየው። ጥርሶቹስ?

ሸሪፍ፦ ተሰብረዋል። ማንም እንዳይቀዳበት ያን ቀን እኛው ነን የሰበርናቸው።

ፀዳለ፦ ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ይቀዳል?

ሸሪፍ፦ አይቀዳም።

ፀዳለ፦ ቀዳዳው ካልተደፈነ። ይሄን የደፈነው ምንድነው?

ሸሪፍ፦ ናስትሮ።

ፀዳለ፦ ምን ዓይነት?

ሸሪፍ፦ አረንጓዴ።

ፀዳለ፦ ዞር በልና መደርደሪያህን እየው። በየካሴቱ ላይ ለጥፈህ ቁጥር የጻፍክበት ናስትሮ ምን ቀለም ነው?

ሸሪፍ፦ እሱም አረንጓዴ ነው።

ፀዳለ፦ የማይነጋ መስሏት አሉ...

ሸሪፍ፦ ጨርሺው፣ ይገባኛል።

ፀዳለ፦ አልጨርሰውም፣ አፌን አላበላሽም። መቼ ነው?

ሸሪፍ፦ ከሠርጋችሁ በኋላ፣ በአራተኛው ወር። "ክሩ ቆሽሿል፣ ላጽዳልህ" ብዬ ወሰድኩት። እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስድስቱንም ደቂቃ አጠፋሁት።

ፀዳለ፦ ወይኔ ሸሪፍ! ቤቴ ስንት ጊዜ በልተሃል? ልጆቼ አጎቴ እያሉህ አደጉ። ሬሳውን ከፊት የተሸከምከው አንተ ነህ!

ሸሪፍ፦ እኔ ነኝ።

ፀዳለ፦ ለካ እሱ ነው! የመጨረሻው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ዘሎ ተነስቶ ያገላብጠው ነበር። ቁርስ እየበላ እንኳን እጁን ሳይጠርግ። ልጆቹ አንዴ ቀደሙት ብሎ ቤቱን አንድ አደረገው። አመል ነው ብዬ ተውኩት። አፍሮ ነው ለካ! የልጅነት ድምፁን እንዳልሰማበት።

ሸሪፍ፦ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም?

ፀዳለ፦ አንድም ቀን። ባዶ ክር ሲደብቀኝ ኖሮ ሞተ።

ሸሪፍ፦ አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ሳያውቅ...

ፀዳለ፦ ፈጣሪን አታስገባበት! ያቺን ሁለተኛዋን ሬጌ ታውቃታለህ? ከበሮው ዘግይቶ የሚገባባትን?

ሸሪፍ፦ እንዴት አላውቃት? ሁሉም ዝም ይልና ቤዙ ብቻ ይሄዳል። አሁን ገባ ስትይ አይገባም። ተስፋ ስትቆርጪ ነው የሚመጣው።

ፀዳለ፦ መክብብ እዚያች ጋ ሲደርስ ጣቱን ያነሳል። ከበሮው ሲገባ ጣቱን ያወርዳል። የሞተ ዕለት ጠዋት ጣቱን አነሳ። ውሃ የፈለገ መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት። አልጠጣውም። እንዳነሳው ቀረ። ማታ ቤት ገብቼ ነው የገባኝ፤ ሙዚቃው እየሄደለት ነበር። እኔ ጉድ ውሃ ስግተው!

ሸሪፍ፦ አታልቅሺ በአላህ።

ፀዳለ፦ ስድስት ደቂቃ ነበረችኝ ሸሪፍ። ስድስት! ምን አድርጋህ ነው?

ሸሪፍ፦ የራሴን ላጠፋ ብዬ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? የእሱ አብሮ ሄደ።

ፀዳለ፦ ያንተ ምን አለበት?

ሸሪፍ፦ ዝም ማለቴ።

ፀዳለ፦ ዝም ያለ ሰው ምን የሚያጠፋው ድምፅ አለው? በትክክል ንገረኝ። ከአፉ የወጣውን በሙሉ።

ሸሪፍ፦ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። ያጠፋ ሰው አይረሳም። "አድማጭ መክብብ ነኝ። ከበሮው ዘግይቶ ሲገባ ልቤ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህን ዘፈን ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ። ሸሪፍም ለማን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። አንድ ሰው ናት። ሸሪፍ፣ አንተ ቀድመኸኝ ነው ያወቅካት። ተራው ያንተ ነው፣ ተናገር" አለ። ማይኩን ሰጠኝ።

ፀዳለ፦ አንተስ?

ሸሪፍ፦ ያዝኩት። ቬንትሌተሩ ሲዞር ይሰማል፣ ለገሃር የባቡሩ ጡሩምባ ይሰማል። የኔ ድምፅ ግን አይሰማም።

ፀዳለ፦ ለምን?

ሸሪፍ፦ አባትሽ ቅዱስ ሚካኤል ታቦት ይሸኛል፣ አባቴ መስጊድ አዛን ይላል። እናቴ ደግሞ ደም ብዛት አለባት። ዝም አይነቅዝም ብዬ።

ፀዳለ፦ ነቅዟል ሸሪፍ። ይኸው ነቅዟል። እሱስ ከዚያ ምን አለ?

ሸሪፍ፦ ጠበቀኝ። በጣም ጠበቀኝ። ከዚያ ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና "እሺ። ለፀዳለ ይሁንልኝ። ከሸሪፍም፣ ከኔም" አለ። ከዚያ አለቀ።

ፀዳለ፦ ከሸሪፍም ከኔም?

ሸሪፍ፦ እንዲህ ነው ያለው። ያን ሰምተሽ እኔን በምን ዓይን ታዪኛለሽ? በየበዓሉ ቤትሽ ልመጣ አይደል? ናስትሮውን ያስለጠፈኝ ይሄ ነው።

ፀዳለ፦ ሁለታችሁ ማይክ ስትቀባበሉ እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሸሪፍ፦ ብጠይቅሽ ኖሮስ?

ፀዳለ፦ መክብብን ነበር የምለው። ዛሬ ደግሞ አብልጬ።

ሸሪፍ፦ አውቄው ነበር። ግን ካንቺ አፍ አልሰማሁትም ነበር።

ፀዳለ፦ ሰማኸው። እንግዲህ ስማኝ፤ ቅዳሜ በሙት ዓመቱ ቀይ ጀልባውን እንከፍታለን። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ማንም አያጠፋውም። እሽሽሽ ሲል ትነሳና አሁን የነገርከኝን ለልጆቹ ትነግራለህ።

ሸሪፍ፦ ዝም ያልኩትንም?

ፀዳለ፦ ዝም ያልከውንም። ናስትሮውንም።

ሸሪፍ፦ አጎቴ የሚሉኝ ልጆች ፊት? ፀዳለ፣ ያኔ በወጣትነቴ ያልወጣ ድምፅ ዛሬ ከየት ይመጣል? የፈለግሽውን ቅጪኝ፣ ይሄን ግን አልችልም።

ፀዳለ፦ "ተራው ያንተ ነው" ብሎህ የለ? ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠበቀህ። ቅዳሜ ተናገር።