ለእንግዳ የማይቀርበው ቺኮሪ

የልጄን የወደፊት አማት ለመጀመሪያ ጊዜ ላያት፣ ፍርሃቴን ይዤ ለንደን ውስጥ ወደ ዌምብሊ የሚሄደው ባስ ላይ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ እናትና ወንድ ልጇ ይነታረካሉ።

«እማዬ፣ ባለሱቁ ቺኮሪያችንን ቀምሶ ሊያዝዝ ነበር የመጣው። ለምን ቡና አፈላሽለት?»

«ታዲያ ቤቴ ለመጣ እንግዳ በቡና ፈንታ የተቆላ ሥር ላቅርብ?»

«የምንሸጠው እኮ እሱን ነው! ቡናሽን ቺኮሪ መስሎት ወደደው፣ ኦርደር አደረገ፤ ዛሬ ደግሞ ‹የቀመስኩት ይሄ አይደለም› ብሎ ሁሉንም መለሰብን።»

«ጣዕም የሚያውቅ ሰው ነዋ።»

«ኧረ በማርያም! አባዬን ሐኪም ቡና ሲከለክለው ሥሩን ቆልተሽ የጀመርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ለበሽተኛ ነዋ የጀመርኩት! ባለሱቁን ምኑን አመመው?»

«እኔን ያሳደገኝ፣ ፓርክ ሮያል ሰፈር መጋዘን ያስከፈተን ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቺኮሪ ነው፣ አልካድኩም። ልጅ ያሳድጋል፤ እንግዳ ግን አይቀበሉበትም።»

«እማዬ፣ ይሄ ሰው ከቀረ እኮ እንዘጋለን!»

«እንግዲያው ነገ ቤት ጥራው።»

«ቺኮሪውን ልታቀምሺው?»

«ይቅርታ ልጠይቀው። ቡናም አፈላለታለሁ።»

እኔ ለአማትየዋ በስጦታ የያዝኩትን የቺኮሪ ፓኬት ቀስ ብዬ በነጠላዬ ሸፈንኩት።